ለቴሌቪዥኑ ነው

ጸሐይነሽን የሚያውቅ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ሰው አታምንም። ባለ አትክልቱ አንድ ቲማቲም ቢመርቅላት የበሰበሰ ከሥር ደብቆብኝ ነው ብላ ከረጢቱን ገልብጣ ታያለች። የአውቶቡሱ ሾፌር ሮጣ እስክትደርስ ቆሞ ከጠበቃት ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን እያለች እስክትወርድ ድረስ ጀርባውን ስታጠና ትቆያለች። አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈር፣ ከእሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው አሰለች፣ «እትየ ጸሐይነሽ እኮ መልአክ ቤቷ ቢመጣ ክንፉን ሳትጎትት አታስገባውም፤ የተሰፋ እንዳይሆን» እያለች ጎረቤቱን ታስቅባታለች። ጸሐይነሽም አብራ ትስቃለች። ስቃ ስታበቃ ግን አሰለች ይህን ለምን እንዳለች ቁጭ ብላ ታስብበታለች።

ሴትዮዋ ስትፈጠር እንዲህ አልነበረችም። ጎንደር ሳሉ፣ ወደ እስራኤል ለመግባት ተራ በሚጠብቁበት ዘመን፣ ይሁዲነታቸውን የሚያጣራው ጠያቂ እሷን ለብቻ፣ ታናሽ ወንድሟን ገብሩን ለብቻ አስገብቶ «እናታችሁ ስንት ልጅ ወለደች?» አላቸው። እሷ የሞቱትንም ደምራ ተናገረች። እናቷ የሞቱባትንም በስማቸው እየጠራች ነበርና ያሳደገቻት። ገብሩ ደግሞ የሞተን ሰው ማንሳት ከብዶት በሕይወት ያሉትን ብቻ ተናገረ። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሁለቱም ውሸታም ተባሉ። ጉዳያቸው ወደ ኋላ ተጣለ፤ ጥበቃው ረዘመ፤ ባሏ ውበቱም በዚያው ጥበቃ ላይ እያለ፣ በኪራይ ቤት፣ የእስራኤልን አፈር ሳይረግጥ ሞተ።

ያንን ወሬ የሰሙ ሰዎች ዛሬም አሽዶድ ውስጥ አሉ። ሰርግ ስትገባ፣ ለቅሶ ስትደርስ፣ ዓይናቸው ላይ ያ ቃል ተጽፎ የምታየው ይመስላታል። ስለዚህ ጸሐይነሽ አትዋሽም። «ደህና ነሽ?» ለሚላት ሰው እንኳ ደህና ካልሆነች ደህና አይደለሁም ትላለች፤ በዚህም ብዙ ሰው በእሷ ተሰላችቷል። በዚህ ምድር ላይ የሚያስፈራት ነገር ቢኖር ያ ስም ተመልሶ መጥቶ አንድያ ልጇ ላይ መለጠፉ ነው።

ልጅቱ ኦድያ ትባላለች። ጎንደር የወጣላት ስም ሌላ ነበር፤ እዚህ ሲገቡ መምህሯ ኦድያ አለቻት፤ ጸሐይነሽም የዱሮው ምን ጎደለው ብላ አንድ ዓመት ሙሉ መምህሯን በጥርጣሬ ስታይ ከረመች። ኦድያ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ አንድ ቦታ የማትቀመጥ ልጅ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ግን አንድ ጧት ከአልጋዋ ልትወርድ ስትል እግሮቿ እምቢ አሉ። ሐኪሞቹ የነርቭ በሽታ ነው አሉ። ከዚያ ዓመት ያህል በተሽከርካሪ ወንበር ሆነች። ጸሐይነሽ ተሸክማ አጠበቻት፤ ተሸክማ አስተኛቻት። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ዕቃ ከምታሽግበት ፋብሪካ ስትመለስ ወገቧ ተቆርጦ ነው የምትገባው፤ ገብታም እንደገና ልጇን ታነሣለች። በመጨረሻ የደም ግፊት ይዟት እሷም ሆስፒታል ተኛች።

እግሮቿ በታሰሩበት በዚያ ዓመት የኦድያ ትከሻ አልታመመም። እስክስታ ደግሞ የትከሻ ነገር ነው። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች የሆስፒታሉ መተላለፊያ ውስጥ ትከሻዋን ስትሰብቀው ነርሶቹ ሥራቸውን ትተው ይከቧት ነበር። ቀስ በቀስ እግሯም ተመለሰ። በመጀመሪያ በክራንች፣ ኋላም ያለ ክራንች ሄደች። ወንበሩን ላዋሳቸው ማኅበር የመለሱ ዕለት ጸሐይነሽ ደጃፏ ላይ እልል አለች። ኦድያም ሰፈሩ ባለው ማትናስ፣ በወጣቶች ማዕከሉ፣ የውዝዋዜ ቡድን ገባች፤ ከዚያ ነው እንግዲህ የቴሌቪዥኑ ነገር የመጣው።

የሊባኖሱ ጦርነት ባለፈ በዓመቱ ነው። አንድ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር በሽታን ወይም አካል ጉዳትን ያሸነፉ ሰዎች የሚቀርቡበት ዝግጅት ሊሠራ ተነሣ። ኦድያ ተፈትና አለፈች። በፋሲካ ሰሞን ሳሪት የምትባል የዝግጅቱ ሠራተኛ እናትና ልጅን ልታነጋግር እቤታቸው መጣች። ቀጭን፣ ፈገግታ የማያልቅባት ሴት ናት። ጸሐይነሽ ያ ሁሉ ፈገግታ ከየት እንደሚመጣ እየመረመረች ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ኦድያ በመካከላቸው ሆና ታስተረጉማለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በየቢሮው፣ በየሐኪሙ ክፍል ለእናቷ የምታስተረጉመው እሷው ናት።

«ልጅሽ ታማ ሳለች ታለቅሺ ነበር?» አለች ሳሪት።

«ምን ያለ ጥያቄ ነው? ልጇ የታመመባት ትስቃለች?» አለች ጸሐይነሽ።

ኦድያ «አዎ፣ ታለቅስ ነበር» ብላ አስተረጎመችው።

«የት ተቀምጠሽ ነበር የምታለቅሺው? ቦታውን ልታሳይን ትችያለሽ?»

ጸሐይነሽ ልጇን አየቻት። «ይህች ሴት ጤነኛ ናት?»

«እማየ፣ ለፊልሙ ነው።»

ሳሪት ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። «ወንበሩስ? ኪሴ ጋልጋሊሙ የት አለ?» ስትል ጠየቀች። እንደ መለሱት ኦድያ ነገረቻት። ሳሪት ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ «ያሳዝናል» አለች።

ይህችን ቃል ጸሐይነሽ ያለ አስተርጓሚ ገባቻት። «ወንበሩ መመለሱ ነው የሚያሳዝናት?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ኦድያ ሳቅ ብላ አለፈችው፤ አላስተረጎመችውም። ሳሪት ስትወጣ ጸሐይነሽ በመስኮት አጮልቃ መኪናዋ እስክትጠፋ ተከተለቻትና ወደ ልጇ ዞረች።

«ስሚኝ ኦድያ። ዝፈኚ፣ ጨፍሪ፣ ቴሌቪዥንም ውስጥ ግቢ፤ አልከለክልሽም። ግን እነዚህ ሰዎች የሌለ ነገር እንዳያስደርጉሽ። በእግርሽ ቆመሽ ውጪ። ስማችን አንዴ ተበላሽቷል፤ ሁለተኛ አይበላሽብን።»

«ቤሴደር፣ እሺ እማየ፣ ቃሌ ነው። ቆሜ ነው የምጨፍረው» አለች ኦድያ፤ ተነሥታም እዚያው ሳሎኑ መሃል ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ አሳቀቻት።

ኦድያ በዚያ ዓመት ብሔራዊ አገልግሎቷን ኢየሩሳሌም አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር ትኖራለች፤ ዓርብ ዓርብ ለሰንበት ትመጣለች። ሰኔ ሲገባ ግን መቅረት ጀመረች። «ሃዛራ አለን፣ እየተለማመድን ነው» ትላለች በስልክ። አንዱ ሰንበት አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ጸሐይነሽ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የልጇን ድምፅ ደጋግማ በጆሮዋ ታዳምጠዋለች። ሳቁ አለ፤ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል። ወንድ ይሆን? ወይስ የዚያች የፈገግታ ሴትዮ ነገር?

ሐምሌ ላይ አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ የገብሩ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ገብሩ ወደቡ ላይ የጭነት ሠራተኛ ነው፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ። ከመኪናው ኋላ አንድ የታጠፈ ነገር አውርዶ ዘረጋው። ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ከዚያ ኦድያን ከፊት መቀመጫ አቅፎ አነሣና አስቀመጣት።

ጸሐይነሽ ደጃፏ ላይ ቆማ ቀረች። ደሟ ሲወርድ ተሰማት። «ምንድን ነው ይህ?»

«ለቴሌቪዥኑ ነው እታለም» አለ ገብሩ ጫማውን እያየ።

«ለቴሌቪዥኑ ነው እማየ፣ አትደንግጪ» አለች ኦድያም ፈጠን ብላ። «ወንበሩ ላይ ሆነሽ ብትጨፍሪ ይሻላል አሉኝ። እንድለምደው ነው።»

የወረደው የጸሐይነሽ ደም ያን ጊዜ ተመልሶ ፈላ። እኔ ምን ብዬ ነበር! ያች ሴት «ያሳዝናል» ስትል ገብቶኝ አልነበረም! «ተነሺ!» አለቻት። «ከዚህ ወንበር አሁን ተነሺና በእግርሽ ግቢ።»

«አልችልም፤ ሰው ካየኝስ? ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት እያየ ነው። ሲያልቅ እነሣለሁ።»

«ቃል ገብተሽልኝ!»

«ሥራ ነው እማየ። ትያትር በይው።»

በዚያ ሰንበት እናትና ልጅ እንደ ባዕድ ሰነበቱ፤ ኦድያ የመኝታውንም የመታጠቢያውንም በር ከውስጥ ቆልፋ ማንንም አታስገባም ነበር። ጸሐይነሽ ቤት ውስጥ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ማንም በማያይበት እንኳ ልጅቱ ከወንበሩ አለመነሣቷ አንገበገባት። እልህ ነው የመሰላት። ልትፈትናትም ፈለገች። ቀዝቃዛውን የውሃ ማሰሮ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰቅላ፣ «ውሃ የፈለገ ተነሥቶ ይጠጣ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። ኦድያ «አልጠማኝም» አለች፤ ቀኑን ሙሉም አልጠማኝም እንዳለች ዋለች። ጸሐይነሽ በልቧ፣ ወይ ክፋት፣ ለአንድ ቴሌቪዥን ብላ አንጀቷን ታደርቃለች አለች። ሰንበት ሲወጣ ለማታው ፈረቃ፣ ለሚሽሜሬቱ፣ ወደ ፋብሪካ ሄደች፤ ስትመለስ ገብሩ ልጅቱን ወስዷት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ተለወጠባት። አሰለች ማሾፏን ተወች። ይህ ብቻውን ሰው ያስጠረጥራል። ደረጃው ላይ ስትገናኛት «እንደምን አደሩ እትየ፣ ዘንቢሉን ልያዝልዎት?» ትላለች፤ አንቱታውስ ከየት መጣ? ትናንት በክንፍ ስትቀልድባት የነበረች ሴት! ከሕንጻው ሥር አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ጸሐይነሽ ብቅ ስትል ወሬያቸውን ይቆርጣሉ፤ አንዷ ስለ ሙቀቱ፣ ሌላዋ ስለ ቲማቲም ዋጋ ታነሣለች። ፊታቸው ላይ የምታየውን ለይታ መናገር ባትችልም ከእሷ ጋር የተያያዘ መሆኑን አልሳተችውም። አንድ ቀን ከግድግዳው ጀርባ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። «... ምስኪን፣ እሷ እኮ ምንም አታውቅም» ሲባል ሰማች። ማን ናት ምስኪኗ? ምንድን ነው የማላውቀው? ያቺ ሴትዮ ልጄን ከወንበሩ ሌላ ደግሞ ምን አስዋሸቻት? ስትል ቤቷ ገብታ ቆልፋ ተቀመጠች።

በሳምንቱ አጋማሽ ገብሩ ኮክና ወይን ይዞ መጣ። በሥራ ቀን መጥቶ አያውቅም። ተቀምጦ ስለ ደም ግፊቷ ጠየቀ፤ ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጥ እንደሆነ ጠየቀ፤ ራስዋን ያዞራት እንደሆነ ጠየቀ። ጸሐይነሽ ኮኩን አላነሣችም።

ይህን ሽታ ታውቀዋለች። እናታቸው ጎንደር የሞተች ጊዜ ሮቫ ዳሌት ሁሉ አውቆ እሷ ብቻ ሳታውቅ ወራት አልፈዋል። ያኔም ሰዎች እንዲህ ደግ ሆነው ነበር፤ ያኔም ወሬ ይቆረጥ ነበር። ኋላ አንድ ጧት በማለዳ ሽማግሌዎችና ዘመዶች በሯን አንኳኩተው ገቡና መርዶውን እንደ ወጉ ነገሯት። በዚህ አልተቀየመችም። ወጉ ነው፤ ሰው ብቻውን ሳለ፣ ሳይዘጋጅ፣ የሚያቅፈው ሳይኖር ክፉ አይነገረውም። እሷም ለሌሎች እንዲሁ አድርጋለች።

«ገብሩ» አለች። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ዓይኔን እያየህ ተናገር።»

ቀና ብሎ አያት። «በኦሪት እምልልሻለሁ እታለም፤ ማንም አልሞተም።»

ፊቱን መረመረችው። ገብሩ በኦሪት ምሎ አይዋሽም፤ እንዳልዋሸም አየች። ነፍሷ ተመለሰች፤ ወዲያው ግን ሌላ ነገር ያዛት። እንግዲህ ካልሞተ፣ ከሞት ሌላ ሰው እንዲህ የሚደብቀው ምን አለ? ነውር ነዋ! ሰፈሩ የኦድያን ማጭበርበር አውቋል፤ ከበስተኋላዬ «የእነዚያ ውሸታሞች ልጅ» እየተባለች ነው፤ ለእኔ የሚነግረኝ ጠፍቶ ነው። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘላት፤ የአሰለች አንቱታ፣ «እሷ ምንም አታውቅም» መባሉ፣ የገብሩ ኮክ ሳይቀር።

ገብሩ ሊሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ቆም አለ። «ሐሙስ የሚቀረጹት እዚሁ ታየሌቱ ላይ፣ ባሕሩ ዳር ነው። አንቺ ግን ባትመጪ ይሻላል። ሙቀቱም፣ ሕዝቡም ... ግፊትሽ እንዳይነሣ። እሁድ ጧት እኛ ራሳችን እንመጣለን፤ ቁጭ ብለን እንጫወታለን።»

«ይሁን» አለች ጸሐይነሽ። ይሁን ያለችው ግን ነገሩን እንደ ሰማች ነው፤ አልመጣም አላለችምና አልዋሸችም። እንዳትመጪ የተባለ ሰው የማይሄድበት ቦታ መቼም የለም።

ሐሙስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ባሕሩ ዳር ወረደች። ሕዝቡ ጉድ ነው። ልጆች በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ፣ አሮጊቶች በተጣጣፊ ወንበር፣ ከኋላ ደግሞ የእሷ ወገን ተሰብስቧል። ሽቦው፣ መብራቱ፣ ካሜራው ከአሸዋው ጀምሮ እስከ መድረኩ ተዘርግቷል። ከአንድ የቆርቆሮ ኪዮስክ ጥግ ተጠግታ ቆመች።

መጀመሪያ ሲናገር የሚንተባተብ ወጣት ወጣ። ስሙን ለመናገር ተቸግሮ ሕዝቡ አብሮት አማጠ፤ ሲዘፍን ግን ድምፁ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጸሐይነሽ፣ ይሄስ እውነት የሚንተባተብ ነው? ብላ አፉን አጥብቃ ተመለከተች። ቀጥሎ ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ የቆየ አኮርዲዮን ተጫዋች መጣ። የእሱንም እጅ ስትሰልል ቆየች። እንዲህ ነው፤ አንድ ውሸት የገባበት ቤት ሌላውን እውነት ሁሉ ያስጠረጥራል።

ከዚያ ከበሮ ተመታ። ኦድያ ወንበሯን በገዛ እጇ እየገፋች ብቅ አለች።

ነጭ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ቀይ ዶቃ አለ። መጀመሪያ አንገቷን ብቻ፣ ቀጥሎ ግራ ትከሻዋን፣ ቀጥሎ ሁለቱንም አንቀሳቀሰች። ከበሮው ሲፈጥን ትከሻዋ ከከበሮው ቀደመ። ከደረቷ በላይ ያለው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል፣ ይቀናል፤ ከወገቧ በታች ያለው ጸጥ ብሏል። ከኋላ የቆሙት ወገኖቿ እስክስ! እስክስ! አሉ። ጸሐይነሽ ሳታስበው እጇ ለጭብጨባ ተነሣ። ልጄ! አለች በልቧ፤ እንዲህ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም። በእግሯ ቆማ ባደረገችው ኖሮ ብላ አንጀቷ ተቃጠለ። እየኮራችም እያፈረችም ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሣችም።

ሕዝቡ ያለቅስ ጀመር። አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን ይዞ «ይህች ልጅ እግሮቿ ቢከዷትም ያልተሸነፈች» ሲል ጸሐይነሽ ከጀርባዋ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማች። ማዛል ናት፤ በዚያ በጎንደሩ የጥበቃ ዘመን አብራቸው የነበረች፣ አሁን ሌላ ሰፈር የምትኖር።

«ይህች የጸሐይነሽ ልጅ አይደለች? በፋሲካ እኮ በእግሯ ስትሄድ አይቻታለሁ! ስትሮጥ ነው ያየኋት!»

«ምን ይደንቅሻል» አለ አንድ ወንድ ሳቅ ብሎ፤ «የማን ዘር ሆነና።»

ጸሐይነሽ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሄደች አታውቅም። ሽቦውን ተሻግራ፣ አንዱን ጥበቃ ገፍታ፣ መድረኩ ላይ ወጣች። ቀድማ እውነቱን ልጇ ራሷ ካወጣችው ስሟ ይተርፋል፤ ሌላ ሰው ካወጣው አይተርፍም። ይህ ብቻ ነበር በጭንቅላቷ ያለው።

«ትሄዳለች!» ብላ በአማርኛ ጮኸች፤ ቀጥላም ባላት ዕብራይስጥ «ሂ ሆለኼት! ልጄ በእግሯ ትሄዳለች!» አለች። የአስተዋዋቂው ማይክሮፎን ድምፅዋን ይዞ ባሕሩ ዳር ሁሉ በተነው።

ከበሮው ቆመ። ገብሩ ከመድረኩ ጎን «እታለም! እታለም!» እያለ ይሮጣል። ኦድያ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማየ፣ ተይ። እባክሽ ተመለሺ።»

«ተነሺ የኔ ልጅ። ቴሌቪዥናቸው ገደል ይግባ። አንቺ ውሸታም አይደለሽም፤ ተነሺና አሳዪያቸው።»

«እማየ፣ አልችልም።»

«ትችያለሽ!» ብላ ሁለት እጆቿን ይዛ ሳበቻት።

ኦድያ ከወንበሩ ተነሣች። ተነሣች ማለት፣ እናቷ አነሣቻት። ከዚያ ጉልበቶቿ ከሥሯ ጠፉና መላ ሰውነቷ የጸሐይነሽ ደረት ላይ ወደቀ። ጸሐይነሽ በደረቷ ተቀበለቻት። ይህን ክብደት ታውቀዋለች። ዓመት ሙሉ ተሸክማዋለች፤ ሊቆም የሚችል ሰው ቢፈልግ እንኳ እንዲህ ሊከብድ አይችልም። ክንዶቿ ነገሩን ከእሷ ቀድመው አወቁ።

ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠቻትና ፊት ለፊቷ ተንበረከከች።

«መቼ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰኔ ላይ። ተመልሶ መጣ» አለች ኦድያ፤ እንባዋ አፏ ውስጥ ይገባል። «የዱሮው ሐኪም ያኔም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ብሎ ነበር። አላስተረጎምኩልሽም።»

«ለቴሌቪዥኑ ነው ያልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? ግፊትሽ ... ሁለተኛ ታነሺኛለሽ? ብትቆጪኝ ይሻላል ብዬ ነው። እሁድ ጧት አጎቴ ሽማግሌ ይዞ ሊነግርሽ ነበር። ሰፈራችን ሁሉ ያውቃል እማየ።»

ያ የውሃ ማሰሮ በጸሐይነሽ ዓይን ፊት ድቅን አለ። ልጇን ውሃ ጥም አስይዛ ነበር የዋለችው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ምድር ግን አልተከፈተችም፤ ሕዝቡም እዚያው ነበር። ማጉረምረሙ እየጨመረ መጣ። «እናትየዋ ራሷ ትሄዳለች ብላለች!» «ታዲያ ወንበሩ ምንድን ነው?» አንድ ጎረምሳ ጣቶቹን አፉ ከትቶ አፏጨ። «ራማኢም! አጭበርባሪዎች!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ልጅቱ ስትወድቅ ያዩት እንኳ ይህም ትያትር ነው እያሉ ነበር። ኦድያ አንገቷን ደፋች፤ ያ ሁሉ ትከሻ ተሰበሰበ፣ አነሰ። ስትፈራው የኖረችውን ስም ይዛ መጥታ ልጇ ላይ የለጠፈችው ሌላ ማንም ሳይሆን እሷው ራሷ ሆነች።

ሳሪት ማይክሮፎን ይዛ እየሮጠች መጣች። ዛሬ ፈገግታዋ የለም። «ኦድያ ላንቺ እንዳልናገር አስምላኝ ነው» አለች በሚገባት ቀላል ዕብራይስጥ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ወደ ጸሐይነሽ አፍ አቀረበችው። «እናት፣ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው። ልጅሽ ትሄዳለች ብለሻል። እውነት ነው?»

የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል። ጸሐይነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ቆመች። ማስረዳት ትችል ነበር። ታማ ነበር፣ ድና ነበር፣ በፋሲካ ሄዳለች፣ በሰኔ ተመለሰባት፣ ደበቁኝ፣ አላወቅሁም። ሁሉም እውነት ነው። ግን የሚያፏጭ ሰው ይህን ሁሉ ቆሞ እንደማይሰማ፣ ሰምቶም እንደማያምን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሕዝቡ ኋላ ማዛልን አየቻት። አጠገቧ የጎንደሮቹ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል።

«ሺካርቲ» አለች በዕብራይስጥ። ዋሸሁ።

ከኋላ የቆሙት ወገኖቿ በደንብ እንዲሰሙ ማይክሮፎኑን ከሳሪት እጅ ወሰደችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ ደገመችው።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጄ አትቆምም።»